ተራ ቁጥር አርባ አንድ

መጋቢት ውስጥ በዋለ አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ተለጠፈ። የእኔ ስም አልነበረበትም።

ሰዓቱን ያየሁት በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መስኮት በኩል ከሚታየው የግድግዳ ሰዓት ነው። የቀረውን እንዳስታወስኩት እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ ካዩት ሰዎች ጠይቄ ነው። ስንዱ ተፈራ እባላለሁ። ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ልጅ እያለሁ በከተማችን ከሚደረገው ሁሉ የምንጓጓለት የተማሪና የወላጅ ቀን ነበር። ከኒም ዛፎቹ ሥር ድንኳን ይተከላል። በአንዱ ድንኳን ዓይን ይመረመራል፤ ልጆች አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ከሩቅ የተሰቀለ ፊደል ያነባሉ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ደግሞ ከኋላ በሹክሹክታ ይነግሯቸዋል። በሌላው መጽሐፍ ያውሳሉ። የሙያ ኮሌጅ ሰዎች የተፈታ የውሃ ፓምፕ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው «ማን መልሶ ይገጥመዋል?» ይላሉ፤ ለልጆቹ የተባለውን አባቶቹ ቀድመው እጃቸውን ይሰዱበታል። ሜዳው ላይ የእግር ኳስ ምልመላ አለ። እኛ ሴቶቹ ጥግ ይዘን አቧራው ላይ መስመር አስምረን ሰኞ ማክሰኞ እንዘላለን። ፀሐይ ሳትበረታ ሁሉም ማለቅ ስላለበት ሰው የሚመጣው ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እስከ ዛሬ የኒም ቅጠል፣ የተላጠ ፓፓያና የካርቦን ወረቀት ሽታ አንድ ላይ ከመጣብኝ ያ ግቢ ፊቴ ላይ ይቆማል።

ከድንኳኖቹ ሁሉ ወላጆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚቀርቡት የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ነበር። ከየወረዳው የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ይፈተናሉ፤ ያለፉት ጥቂቶች ምግብ፣ መኝታና መጽሐፍ ተሟልቶላቸው ይማራሉ። ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባ አይመዘገብም። ታላቅ እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት በምዝገባው ቀን ወባ ጥሏት ተኝታ አለፋት፤ በዚያው ዓመት ትምህርቷን አቁማ ማጀቴ ወደምትባለው ከተማ ተዳረች። እናቴ ስለዚያ ነገር አታወራም። እኔ ስምንተኛ ክፍል የገባሁ ዕለት ግን የእህቴን ደብተሮች ከሣጥን አውጥታ፣ አቧራቸውን ጠርጋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

የእኔ ምዝገባ የዋለው ከፈተናው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ እሑድ ነበር። ሕጉ ተማሪው ከወላጁ ጋር ይቀርባል፣ ወላጁ ይፈርማል ይላል። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አራስ ናት። አባቴ «ልጅህ ታማለች» ተብሎ ማጀቴ ሄዷል። ስለዚህ ያስመዘገቡኝ ጋሼ እንድሪስ ናቸው።

ጋሼ እንድሪስ ጎረቤታችን ነበሩ። አጥራችን አንድ ነው፤ ሮቢ ወንዝ ዳር ያለው ማሳችንም ጎን ለጎን ነው። እኔ ስወለድ እናቴ ታማ ጡቷ ስለደረቀ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ከራሳቸው ልጅ ከከድጃ ጋር አንድ ላይ አጥብተው አሳድገውኛል። በእስልምና የጠባ ልጅ ልጅ ነው። ከድጃም ወንድሞቿም እህታቸው ነኝ፤ ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ማንም አያስረዳም፣ ማንም አይጠይቅም። ጋሼ እንድሪስ ደግሞ ለቃላቸው የሚጠነቀቁ፣ መሐላ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ገበያ ላይ ገዢ «ወላሂ በል» ሲላቸው «ማሾው ይኸው፣ እሱን እይ» ብለው የከረጢቱን አፍ ይከፍቱ ነበር።

በምዝገባው ድንኳን ከፊታችን አንዲት ሴት የእህቷን ልጅ ይዛ ቆማ ነበር። «አክስት ወላጅ አይደለችም» ተብላ ተመለሰች። ልጁ ከትምህርት ቤታችን ነበር፤ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ። የኛ ተራ ደረሰ። መዝጋቢዋ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። ቀና አላሉም።

«የማን ልጅ ናት?»

«የኔ ናት» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

«የእርስዎ ስም?»

«እንድሪስ።»

«የልጅቷስ?»

«ስንዱ።»

እስክሪብቶው ሄደ። ሰምቻለሁ። ከወረቀቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበርኩ፤ ስንዱ እንድሪስ ተብሎ ሲጻፍም አይቻለሁ። ጋሼ እንድሪስ ዞር ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። የተመለሰው ልጅ ገና ከድንኳኑ ደጃፍ አልራቀም ነበር፤ እሱን አየሁና አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ፈረሙ። ተራ ቁጥር አርባ አንድ የምትል ቁራጭ ወረቀት ተሰጠን፤ ስም አልነበረባትም። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ከድጃ ሳል፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ስሙ አንዳችንም አላነሣንም። አባቴ ከማጀቴ ሲመለስ «ተመዘገብሽ?» አለኝ፤ «ተመዝግቤያለሁ» አልኩት።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ዝርዝሩን ሳነብ፣ አርባ አንደኛው ላይ «ስንዱ እንድሪስ» ይላል። የተማሪ መታወቂያዬ ደግሞ ከነፎቶግራፌ «ስንዱ ተፈራ» ይላል። ከፈተናው ክፍል በር ላይ መታወቂያ የሚያመሳክረው መምህር መታወቂያዬን በእጁ ከያዘው ዝርዝር ጋር አስተያየና መለሰልኝ።

«ይቺ ሌላ ልጅ ናት» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ተፈራ ነሽ። እንድሪስ ማነው?»

ማን እንደሆኑ ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ አልሆነልኝም። መዝጋቢዋ ተጠሩ። መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን አወጡ፣ ፊርማውን አዩ፣ እኔን አዩ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። «ያስመዘገበሽን ሰው አምጪ። አባትሽንም ከነቀበሌ መታወቂያው አምጪ። ሁለቱም ካልመጡ አይሆንም። አራት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አይከፈትም።»

አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበረኝ።

ሁለቱም የት እንዳሉ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት የውሃ ተራ የአባቴ ነበር። እኛ ዘንድ ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ውሃ በዋናው ቦይ ይወርድና ለየማሳው በየስምንት ቀኑ ይደርሳል። ተራውን የሚጠብቀው የውሃ አባት ይባላል፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት ሰው ነው። ደንቡ አጭር ነው። ባለተራው ማሳው ላይ ቆሞ ያጠጣል። ከማሳው ከወጣ ውሃው ለሚቀጥለው ይተላለፋል። በእሱ ፋንታ መቆም የሚችለው የቤቱ ሰው ብቻ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት መቆም ከጀመረ ውሃው ጉልበት ላለው እንደሚሄድ በሁለት በጋ ጠብ ተምረውታል። አባቴ ከአሥራ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት ያጠጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ ጋሼ እንድሪስ ናቸው። ሽንኩርቱ ከተተከለ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ባለፈው ተራ ቦዩ ተደርምሶ ለማንም ውሃ አልደረሰም፤ ችግኙ አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ የጠጣው የለም። ጫፉ ቢጫ ሆኖ ነበር።

የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ድልድዩ ድረስ ወሰደኝ። «ፈተና የለሽም እንዴ?» ሲለኝ «ለእሱ ነው» አልኩት፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀም፣ «እዚሁ እጠብቅሻለሁ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ከድልድዩ ወዲያ በቦዩ ጠርዝ ሮጥኩ። ፕላስቲክ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ሲቀር አንሥቼ በእጄ ያዝኩት።

አባቴ ከሩቅ አየኝ። አካፋውን ጣለ።

«እናትሽ ናት? ሕፃኑ ነው?»

«ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል? በማርያም፣ ልቤን ልታቆሚው ነው።»

ነገርኩት። በስተግራ ቦዩ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን የሚጠብቁት ጋሼ እንድሪስም ሰሙ። ቀስ ብለው ተነሡ።

«ምን ብለህ ነው ያስመዘገብካት?» አለ አባቴ።

«የማን ልጅ ናት አሉኝ። ታዲያ ምን ልበል? የመንገድ ናት ልበል?»

«ስሜን ረሳኸው?»

«ስምህን ማን ጠየቀኝ? ስሜን ጠየቁኝ፤ ስሜን ነገርኳቸው።»

ጋሼ እንድሪስ ወደ እኔ አልዞሩም። ስሙ ሲጻፍ እንዳየሁ፣ ሳይም እንዳዩኝ፣ ለአባቴ ሊነግሩት ይችሉ ነበር። አልነገሩትም።

«ሁለታችሁም ናችሁ የተጠራችሁት» አልኩ። «እስከ አራት ሰዓት።»

የውሃ አባቱ ጋሼ በላቸው ከላይ በኩል መጡ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሰዓቱን ከእጅ ስልካቸው ላይ የሚያዩ፣ ከማንም ጋር የማይደራደሩ ሰው ነበሩ። ሁሉንም አዳመጡ።

«ተፈራ፣ ከማሳው ከወጣህ ውሃው ይተላለፋል» አሉ።

«ለእንድሪስ።»

«ለእንድሪስ።»

«እንድሪስም ከኔ ጋር ይሄዳል፤ ቤተሰቡም ገበያ ነው።»

«እንግዲያ ለአስካለች።»

እትዬ አስካለች ከታች ያለው ማሳ ባለቤት ናቸው። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ቆመው ይሰሙ ነበር። «እኔ ተራዬ ዛሬ መሆኑን አላወቅኩም፤ አካፋም አልያዝኩም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉና «ሌላው በአንድ አባት ይፈተናል፣ አንቺ ሁለት አስከትለሽ ነው?» አሉኝ።

«በላቸው፣ ስምንት ቀን ነው» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ። ደንቡን ስናወጣ አንተም እጅህን አውጥተሃል።»

«አውጥቻለሁ።»

«እኔ አልለውጠውም። ለአንተ ብለውጠው ነገ ለማን እምቢ እላለሁ?»

«ለውጥልኝ አላልኩህም።»

አባቴ ወደ ማሳው ዞረ። ትልሞቹን ቆጠርኩ፤ እሱም የሚቆጥር መሰለኝ። ሃያ ሁለት ነበሩ። ውሃው የደረሰው ዘጠነኛው ላይ ነው። ዘጠነኛው ትልም ውስጥ ውሃው አፈሩን ሲገባበት የሚያሰማውን ድምፅ፣ የደረቀ ነገር ሲጠጣ የሚያወጣውን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም። በኋላ ጋሼ በላቸውን ስጠይቃቸው «አንድ ትልም እስኪሞላ» አሉኝ። ሞላ። አባቴ አካፋውን አነሣ፣ አንድ ጊዜ ጭቃ ዛቀ፣ የማሳውን አፍ ራሱ ዘጋው። ውሃው ቦዩ ውስጥ ትንሽ ተንገዋለለና ወደ ታች ወረደ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«ሦስት ከስምንት» አሉ ጋሼ በላቸው። ስልኩን ሳይከቱ ቆሙ።

መታወቂያው ቤት ነበር። የጋሼ እንድሪስ ሁልጊዜ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ የአባቴ ግን ሣጥን ውስጥ። ባጃጁ ሦስታችንን ጭኖ በደጃችን ሲቆም አባቴ ከነጭቃው ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ የታጠፈውን ባሏን አየች።

«ውሃውስ?»

«ወደ ታች ወረደ» አላት።

ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኝታ ሣጥኑን ከፈተች፣ መታወቂያውን ሰጠችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ጉንጬ ላይ የደረቀውን ጭቃ ጠረገችልኝ። ጠንክራ ነው የጠረገችው፤ አመመኝ። ስንወጣ በሩ ድረስ መጣች፤ አራስ ስለሆነች ከዚያ አላለፈችም።

ከዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ግመሎች እየተሻገሩ ነበር። ከአፋር በኩል የመጡ፣ ረጅም ሰልፍ። ወደ ደሴ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች በዚያ ወገን ቆመዋል፣ እኛ በዚህ ወገን። ነጂው እጁን ወደ ጡሩምባው ሲሰድ ጋሼ እንድሪስ ክንዱን ያዙት።

«ተው። ከተበተኑ እስከ ቀትር እዚሁ ነን።»

«ሰዓቱ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ግመል ሰዓት አያውቅም። ዝም በል።»

እጁን መለሰ። አባቴ መታወቂያውን በሁለት እጁ ይዞ ከፊት ያለውን የግመል እግር ያያል። የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሶ ደርቆ ነጭ መስመር አውጥቷል። እኔ የቁጥሯን ወረቀት ስጠቀልል፣ ስፈታ፣ ስጠቀልል ቀለሟ ጣቴ ላይ ቀረ። የመጨረሻዋ ግመል ግልገል ይዛ ነበር፤ ግልገሉ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ባለግመሉ ተመልሶ መጣ፣ አንገቱን አቅፎ ገፋው። ነጂው ባጃጁን የነዳው በሁለት መኪናዎች መካከል ነው።

ከትምህርት ቤቱ ግቢ ስንገባ የግድግዳው ሰዓት ሦስት ከአርባ ስድስት ይል ነበር። ተፈታኞቹ ገብተው ተቀምጠዋል። በሩ ገና ክፍት ነው፤ መምህሩ አንድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆሟል። መዝጋቢዋ ከኒሙ ሥር ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ።

«አባቷ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። መታወቂያውን ሰጠ። አዩት፣ ከእኔው ጋር አስተያዩት፣ አስቀመጡት።

«እርስዎስ? እሑድ ዕለት የኔ ናት ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

«ታዲያ ዋሹኝ ማለት ነው?»

«አልዋሸሁም።»

«ጋሼ፣ ጊዜ የለንም። ልጅዎ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ባለቤቴ አጥብታታለች። በእኛ በኩል የጠባች ልጅ ልጅ ናት። አባቷ ደግሞ ይሄው፣ ተፈራ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።»

መዝጋቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን በደንብ አየሁት፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነበር። ባዶ ወረቀት ስበው ከእስክሪብቶ ጋር ገፉላቸው። «እኔ የምጠየቅበት ነገር ነው። ሌላ ሰው በእሷ ስም ሊፈተን ነበር ቢባል መልስ ያስፈልገኛል። ‹ልጄ አይደለችም፣ በስሕተት ነው ያስመዘገብኳት› ብለው ይጻፉና ይፈርሙ። ስሙን አስተካክላለሁ፣ ትገባለች።»

ጋሼ እንድሪስ እስክሪብቶውን አነሡ። ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።

«ስሙን ያስተካክሉት፣ እትዬ። አይደለችም የሚለውን ግን አልጽፍም።»

«እንድሪስ» አለ አባቴ። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

«አልጽፍም ተፈራ። ይህን ጽፌ ቤቴ ገብቼ ዘሃራን ምን እላታለሁ?»

«ወረቀት ነው እኮ።»

«አንተ ብትሆን ትጽፈዋለህ?»

መምህሩ ከበሩ ሆኖ «ዐሥር ደቂቃ» አለ። መዝጋቢዋ ወደ እኔ ዞሩ። እስካሁን ያልተጠየቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አንቺስ? እሑድ ዕለት ከአጠገባቸው ነበርሽ። በእሳቸው ስም ስትመዘገቢ አልሰማሽም?»

አባቴ አየኝ። ጋሼ እንድሪስ ወረቀቱን አዩ። ሰምቼ ዝም ብዬ ከሆነ እያወቅኩ በሌላ ስም ተመዝግቤያለሁ ማለት ነው፤ ያኔም ቢሆን ይህ ገብቶኝ ነበር።

«አልሰማሁም» አልኩ።

በዚያ ጠዋት በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተነገረው ውስጥ ውሸቱ ይህ ብቻ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ቀና አሉ። ለአፍታ ያህል፣ ልክ እንደ እሑዱ፣ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደገና አነሡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ በራሴ ቃል ልጻፈው» አሉ። መዝጋቢዋ ሰዓታቸውን አዩና እጃቸውን ዘረጉ፣ ይጻፉ እንደማለት። ጋሼ እንድሪስ ፊደል የተማሩት በጎልማሳነታቸው፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እያንዳንዷን ፊደል እንደ ችግኝ ለብቻዋ እየተከሉ ነበር የሚጽፉት። የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አባቴ እንዳላነብ ይሁን እንዲቀለኝ ትከሻዬን ይዞ ወደ በሩ አዞረኝ። ከኋላዬ መዝጋቢዋ ወረቀቱን አንሥተው አነበቡ። ከዚያ «አስገቧት» ሲሉ ሰማሁ።

ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ዴስኩ ላይ ቁጥር አርባ አንድ በጠመኔ ተጽፎ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ጣቶቼ የቦይ ጭቃ ይሸቱ ነበር።

ፈተናውን አለፍኩ። ከዘጠነኛው ትልም በታች ያለው ሽንኩርት አልተረፈም። አባቴ ቦታውን በማሾ ደገመው፤ ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሲያነሣ አልሰማሁትም። እትዬ አስካለች የዚያን ዕለት ውሃውን ተቀብለው ማሳቸውን አጠጡ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ማንም ቅር አላለውም። ጋሼ እንድሪስ የጻፉትን እኔም አልጠየቅኩ፣ እሳቸውም አልነገሩኝ። ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር አጥሩን ተሻግሬ እገባለሁ፣ ከከድጃ ጋር ከአንድ ገበታ እንበላለን፤ አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል። ጋዜጠኛ ሆኜ ሥራ ስይዝ፣ ሌላውን ሰው «ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?» ብዬ መጠየቅ እንጀራዬ ሲሆን፣ ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ። ከአራት ዓመት በፊት አረፉ። የሞቱ ዕለት ለዘገባ ሩቅ አገር ነበርኩ፤ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው።

ዘንድሮ የተማሪና የወላጅ ቀኑን እንድዘግብ የተላክሁት እኔ ነኝ። ከኒሞቹ ሁለቱ ተቆርጠዋል። ድንኳኖቹ አሁንም አሉ፤ የኮምፒውተር ድንኳን ተጨምሯል፣ የተፈታው ፓምፕም አለ፣ አባቶችም እንደ ድሮው ቀድመው እጃቸውን ይሰዱበታል። ምዝገባው በስልክ ሆኗል። ቅጹ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ይላል፣ ከሥሩ የመታወቂያ ቁጥር ይገባል፣ ስም ካልገጠመ ስልኩ ራሱ ቀይ አድርጎ ይመልሳል። አንዲት እናት ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ልጇን አስመዝግባ ስትጨርስ አየሁ። ማንም የማን ልጅ ናት ብሎ አልጠየቃትም። ጥሩ ነው፤ በእኔ ላይ የደረሰው በማንም ላይ አይደርስም። ቢሆንም ወረፋው ውስጥ ቆሜ፣ ጎርነን ያለ ድምፅ «የኔ ናት» ሲል እሰማ እንደሆነ ሳዳምጥ ራሴን ያዝኩት። ቦዩ አሁን በሲሚንቶ ተለብጧል። የውሃ አባቱ የጋሼ በላቸው ልጅ ነው። ደንቡ አልተለወጠም።

ዘገባውን ከጨረስኩ በኋላ የድሮ ቅጾች የት እንደሚቀመጡ ጠየቅኩ። በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ብዙ መዝገብ ጠፍቷል፤ የተረፈው በሦስት ከረጢት ታስሮ አንድ መጋዘን ውስጥ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ መታወቂያዬን አይታ፣ የራሴን እንጂ የሌላ ሰው እንዳላይ አስጠንቅቃ ፈቀደችልኝ። ሁለተኛው ከረጢት ውስጥ አገኘሁት። ቅጹ ላይ «እንድሪስ» የሚለው በአንድ መስመር ተሰርዞ ከላዩ «ተፈራ» ተጽፏል። ከጀርባው በስፒል የተያያዘ ወረቀት አለ፤ ጽሕፈቱ ተለያይቶ የተተከለ፣ ትላልቅ ፊደል ነው። የሚለው ይህን ነው፦

«ስንዱ የተፈራ ልጅ ናት። ባለቤቴ ዘሃራ አጥብታታለች፤ የኔም ልጅ ናት። ስሙ ሲጻፍ ልጅቷ አልሰማችም፤ ወላሂ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው። እንድሪስ።»

ከፊርማው ጎን በመዝጋቢዋ እጅ ሰዓቱ ተጽፏል፦ ሦስት ከሃምሳ ሰባት።